ከሥር የሚሸከም ድምፅ

ዛሬ ስለ አንድ የሙዚቃ መሣሪያና ስለ ተጫዋቾቹ ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ። መሣሪያው ቤዝ ጊታር ይባላል። «ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ ያውም በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደገ ሽማግሌ፣ ከቤዝ ጊታር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እንዲህ የሚል ሰው እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ። ነገሬ በውጭ ሲታይ ስለ ሙዚቃ ነው፤ በውስጡ ግን ስለ ፍርድ ነው። ሥራውን ሁሉ ከሥር ሆኖ የሚሸከመውን ሰው ስሙን ሳንጠራ መቅረታችን ግፍ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ከተከሳሾቹም መካከል እኔ ራሴ አንዱ ስለ ሆንሁ፣ ዝቅ ብዬ ጥፋቴን እናዘዛለሁ።

መኖሪያዬ በኮልፌ ቀራንዮ ነው። በጥር ወር፣ ሠርግ በሚበዛበት ጊዜ፣ ከቤቴ ራቅ ባለ መንደር ድንኳን ይተከላል። ሌሊት በአልጋዬ ላይ ሆኜ ሳዳምጥ የዘፋኙ ቃል አይደርሰኝም፤ ሙሽራይቱን ያወድስ ወይም በሚዜው ይቀልድ መለየት አልችልም። ቀጫጭኑ ድምፅ ሁሉ በመንገድ ይቀራል። ግድግዳውን አልፎ፣ ቆርቆሮውን አንቀጥቅጦ፣ እስከ ትራሴ የሚደርሰው ያ ወፍራሙ የቤዝ ድምፅ ብቻ ነው። በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ ጎረቤቴ ማለዳ ሲያገኙኝ «ያ ድም ድም የሚለው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲደበድበኝ አደረ» ይሉኛል። ስለ እንቅልፋቸው እውነታቸውን ነው፤ መንደሩን እስኪነጋ የሚያውክ ሰው ጠበቃ አልሆንለትም። ነገር ግን አንድ ቀን «ጋሼ፣ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ እኛ ዘንድ የደረሰው እርሱ ብቻ ከሆነ፣ ከሁሉ የበረታው እርሱ ነው ማለት ነዋ!» ብላቸው ሣቁ፤ ግን አልተስማሙም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ክር ሲመታ ይርገበገባል፤ ፈጥኖ የተርገበገበ ቀጭን ድምፅ፣ ዘግይቶ የተርገበገበ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። ቤዝ ጊታር እንደ ተለመደው አራት ክሮች አሉት፤ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብለው ይቃኛሉ። ከሁሉ የወፈረው ክር በአንድ ሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የተራው ጊታር ወፍራም ክር ግን 82 ጊዜ ያህል። 41 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በአየር ውስጥ ሲጓዝ አንዱ ማዕበሉ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። እግሩ ረጅም የሆነ መንገደኛ ቦዩን ሳይዘል እንደሚሻገረው፣ ይህም ድምፅ የጭቃውን ግድግዳና የቆርቆሮውን አጥር እንደ ቀላል ነገር ይሻገረዋል።

መሣሪያው በዕድሜው ወጣት ነው። ቀድሞ በፈረንጅ ኦርኬስትራ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ኮንትራባስ የሚባለው፣ ቁመቱ ከሰው የሚስተካከል፣ ለመሸከም የሚያስቸግር መሣሪያ ነበር። ጥሩምባውና ከበሮው ሲበረቱም የእርሱ ድምፅ ይዋጥ ነበር። በአሜሪካ አገር ፖል ታትማርክ የተባለ ሰው በ1930ዎቹ ዓመታት በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ እንደ ጊታር አግድም የሚያዝ ቤዝ ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሰው አልተቀበለውም። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በኋላ በ1951 ሊዮ ፌንደር የተባለ የካሊፎርኒያ ራዲዮ ጠጋኝ «ፕሪሲዥን» ብሎ የሰየመውን ቤዝ ጊታር ለገበያ አወጣ። ትርጓሜው ልክነት ማለት ነው፤ በአንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት መስመሮች ጣት በትክክለኛው ድምፅ ላይ እንዲያርፍ ይረዳሉና። የሚያስገርመው ሊዮ ፌንደር ራሱ ጊታር መጫወት አያውቅም ነበር። ለሌላ ሰው እጅ የሚሆን ዕቃ ሲሠራ ኖረ። እንግዲህ ለሌላው ማገልገል ከመሣሪያው ጋር አብሮ ተወለደ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ነገር ግን ወፍራም ድምፅን ማክበር ከፈረንጅ የተማርነው አይደለም። አባቶቻችን ከዘፈንና ከእስክስታ ለይተው፣ በዐቢይ ጾም ጊዜ ለጸሎትና ለትካዜ ያስቀመጡት መሣሪያ የትኛው ነው? ዐሥር አውታር ያለው በገና አይደለምን? አውታሮቹ በሚያርፉበት እንጨት ላይ ቁራጭ ቆዳ እየገባ፣ ድምፁ እንደ ንብ መንጋ እየነዘረ ከደረት ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ነው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገናን ያስተማሩት ዓለሙ አጋ ይህን ድምፅ ከአገራችን አልፎ በውጭ አገርም አሰምተውታል። የቤተ ክርስቲያኑም ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ጠባቡ ቀጭን፣ ሰፊው ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። ሰፊውን ፊት ቀድዶ በጠባቡ ብቻ ማኅሌት የሚቆም ካህን አይገኝም። ዛሬ ደግሞ የባህል ባንዶች ቤዝ ክራር እየያዙ ይጫወታሉ። እንግዲህ ቤዝን እንደ ባዕድ ነገር የሚነቅፉ ሽማግሌዎች የገዛ አባቶቻቸውን ጆሮ ረስተዋል።

እኔ ይህን ነገር የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት መዘምራን መካከል ነው። መዝሙሩን በአራት ድምፅ እንዘምር ነበር፤ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ቤዝ። ድምፄ በጎረመሰ ጊዜ አስተማሪያችን ከፊተኛው ረድፍ አንሥቶ ከኋላ፣ ከቤዞቹ ጋር አቆመኝ። እጅግ ተቀየምሁ። ዜማውን የሚይዙት ሌሎች ናቸው፤ እኛ ግን አንዲት ድምፅ ይዘን ቆመን፣ ደግሞ ወደ ሌላይቱ ዝቅ እንላለን። ፊቴ መጥቆሩን አይቶ መሆን አለበት፣ አስተማሪው አንድ ቀን በመዝሙሩ መካከል እጁን ወደ እኛ ዘርግቶ ዝም አሰኘን። ሌሎቹ መዘመራቸውን ቀጠሉ። ቃሉ አልተጓደለም፤ ዜማውም አልተጓደለም፤ ነገር ግን መሰላሉ እንደ ተወሰደበት ጣራ ጠጋኝ ሁሉም በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ እንድንገባ ምልክት ሰጠን። ስንገባ መሬቱ ተመልሶ ከእግራችን ሥር የገባ መሰለኝ። አስተማሪው ምንም አልተናገረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከኋላው ረድፍ ልሂድ ብዬ አልጠየቅሁም።

በሰፈራችን በኮልፌ አጠና ተራ የሚባል ቦታ አለ። ሰው ቤት ሊሠራ ሲነሣ አጠናውን፣ ማገሩንና ምሰሶውን ከዚያ መርጦ ይገዛል። ምሰሶውን ሲመርጥ ግራ ቀኙን እያየ፣ እየመታ፣ ከነጋዴው ጋር እየተከራከረ ነው። ቤቱ ተሠርቶ በሚመረቅበት ቀን ግን እንግዳው ሁሉ የሚያመሰግነው ቀለሙንና አዲሱን ቆርቆሮ ነው። ምሰሶው በጭቃ ተመርጎ፣ ተለስኖ፣ ተረስቷል። እኔ የምለው ይህ ነው፤ ምሰሶ የመረጠ ሰው ምሰሶ መኖሩን ያውቃል፣ እንግዳው ግን አያውቅም። በሙዚቃ ነገር አብዛኞቻችን እንግዶች ሆነናል።

እስኪ ከእናንተ መካከል «እሬ መላ መላ» የሚለውን ሥራ የማያውቅ ማን ነው? «የማን ነው?» ብትባሉ «የማሕሙድ አህመድ» ብላችሁ በአንድ አፍ ትመልሳላችሁ። እውነት ነው፤ ታላቁ ማሕሙድ ክብሩ አይቀንስበት። ነገር ግን በ1975 ያ ሥራ ሲሠራ ከማሕሙድ ጋር የነበረው አይቤክስ ባንድ ነበረ፤ በአይቤክስ ባንድም ውስጥ ቤዝ ጊታሩን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ነበረ። አይቤክሶች በራስ ሆቴል ይጫወቱ የነበሩ ናቸው፤ በኋላም ጆቫኒ ሪኮና ሊድ ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም በሮሃ ባንድ አብረው ቀጠሉ። በካሴት ዘመን ወላጆቻችሁ ያደመጡአቸው፣ የተዳሩባቸው፣ ያለቀሱባቸው እጅግ ብዙ ዘፈኖች ከሥራቸው የሮሃ ባንድ ቤዝ አለባቸው። ዘፋኞቹ ተለዋወጡ፤ ከሥር ያለው እጅ ግን ያው ነበረ። የዘፋኞቹን ስም እንደ ፊደል ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ፤ የዚህን ሰው ስም ግን ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል?

ሁለተኛውን ምስክር ልጥራ። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚባለው ሥራ ዘፋኝ የለበትም። ዋልያስ ባንድ በ1977 «ቼ በለው» በተባለው ሸክላቸው ያወጡት ነው፤ ከእኛ አልፎ የውጭ አገር ባንዶች ሳይቀሩ ተጫውተውታል። እንግዲህ በዚያ ሥራ ውስጥ ቃል የለም፤ የሚያምር መልክ የለም፤ የሚያስለቅስ ግጥም የለም። ሰውን የሚያስነሣው ምንድር ነው? ከሥር ያለው እየተመላለሰ የሚዞረው ድምፅ ትልቁን ድርሻ ይዟል። ያን ድምፅ የያዘው መላኬ ገብሬ ነው። ዋልያሶች በሂልተን ሆቴል ለብዙ ጊዜ ከተጫወቱ በኋላ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ። የጓደኛው የኃይሉ መርጊያ ስም ከ2013 ወዲህ እንደገና በዓለም ላይ ተሰማ፤ ደስም አለን። የመላኬን ስም ግን ከሙዚቀኞች በቀር የሚያነሣው ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ሄኖክ ተመስገን ነው። በ1984 በዋሺንግተን ከተማ አድማስ የተባለው የወጣቶች ባንድ «የኢትዮጵያ ልጆች» የሚል ትርጉም ያለው ሸክላ ባወጣ ጊዜ ቤዙን የያዘው እርሱ ነበረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ከባልንጀሮቹ ጋር ጃዝ አምባ የተባለውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ አቋቋመ። እኔ አስተማሪ ነኝና ይህን ከሁሉ አብልጬ አከብራለሁ። በመድረክ ላይ ሌላውን የሚሸከም ሰው፣ ከመድረክ ሲወርድ ደግሞ የሌላውን ልጅ ተሸክሞ ማስተማሩ አያስደንቅም፤ ልማዱ ነውና።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዜማችን በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝት፣ በአምስት አምስት ድምፅ የሚሄድ ነው። ፈረንጆች ኮርድ የሚሉት፣ ቤዙን ወዴት እንደሚሄድ የሚመራው የድምፆች ክምችት፣ በጥንቱ ዜማችን ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ቤዝ ጊታር የጨበጠው ትውልድ ለኢትዮጵያ ዜማ የተጻፈ መምሪያ መጽሐፍ አላገኘም። በአምስቱ ድምፆች መካከል፣ ቅኝቱን ሳይሰብር፣ በችክችካው ምት እየረገጠ፣ ከሥር የሚሄድ አዲስ መንገድ መጥረግ ነበረበት። ዛሬ እኛ እየጨፈርንበት የምንሄድበት ጎዳና እነርሱ ጎንበስ ብለው የጠረጉት ነው።

ይህ ግፍ በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይምሰላችሁ። ጄምስ ጀመርሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበረ። በ1936 ተወልዶ በዲትሮይት ከተማ በሞታውን የሸክላ ኩባንያ በቤዝ ተጫዋችነት ሠራ። በቀኝ እጁ ከአንዲት ጣት በቀር አይጠቀምም ነበር ይባላል፤ በዚያች በአንዲት ጣት ግን በ1960ዎቹ ዓመታት ዓለምን ያስጨፈሩትን የሞታውን ዘፈኖች ተሸከመ። በሸክላዎቹ ላይ ስሙ አይጻፍም ነበር፤ በ1971 በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ላይ ስሙ ሲጻፍ ብዙ ዓመት አልፎ ነበር። በ1983 የኩባንያው 25ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ ይህ ሰው ቲኬት ገዝቶ ከተመልካቾች ጋር ተቀምጦ እንደ ተመለከተ ይነገራል። በዚያው ዓመት በ47 ዓመቱ ሞተ። በ2000 የክብር ስም ሰጡት። ውድ አንባቢ ሆይ፤ ቤቱን የተሸከመው ምሰሶ ወደ ቤቱ ለመግባት ቲኬት ሲገዛ ምን ይባላል?

ሴት ልጆችም ካሮል ኬይን ዕወቁ። በ1935 የተወለደች አሜሪካዊት ናት። ጊታር ተጫዋች ነበረች፤ በ1963 ግድም አንድ ቀን ቤዝ ተጫዋቹ በመቅረጫው ክፍል ሳይገኝ ቢቀር ቤዙን አንሥታ ተጫወተች። ከዚያ በኋላ በሺህ በሚቆጠሩ ሥራዎች ላይ ተጫውታለች፤ መጽሐፍ እየጻፈችም ብዙዎችን አስተምራለች። የሬጌን ዜማ የምትወዱ ደግሞ በ2024 ያረፈውን አስተን ባሬትን አስቡ። ከቦብ ማርሌ ጋር በተጫወተበት ጊዜ ሁሉ ቤዙ እንደ ሁለተኛ ዘፋኝ ሆኖ ይሰማል። ጃኮ ፓስቶሪየስ ደግሞ የብረት መስመር በሌለው ቤዝ እየተጫወተ መሣሪያውን እንደ ሰው ድምፅ ያዘፈነ ሰው ነው፤ ነገር ግን ሕመምና መጠጥ ተባብረው አዳከሙት፤ በ1987 በአንድ መሸታ ቤት በር ላይ ተደብድቦ በ35 ዓመቱ ሞተ። ሁሉን የሚሸከም ሰው እርሱን ራሱን የሚሸከም ወዳጅ እንደሚያስፈልገው ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ልምጣ።

ከብዙ ዓመታት በፊት በዚሁ በኮልፌ አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ልጆቹ ባንድ አቋቁመው ነበር። ቤዙን የያዘው ልጅ እናቱ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች የምታሳድገው፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረ። ጊታሩም የራሱ አልነበረም፤ በውሰት ነው። የወላጆች በዓል በሚከበርበት ቀን የመድረኩ መሪ እኔ ነበርሁ። ዝግጅቱ ሲያበቃ የተጫዋቾቹን ስም በገዛ እጄ ከጻፍሁት ወረቀት ላይ ጠራሁ፤ ዘፋኞቹን፣ ሊድ ጊታሪስቱን፣ ድራም መቺውን፣ ኪቦርድ ተጫዋቹን። ስማቸው የተጠራው እየወጡ እጅ ነሡ፤ ተጨበጨበላቸው። ቤዝ የያዘው ልጅ መሣሪያውን እንደ ታቀፈ ከኋላ ቆሞ ቀረ። ስሙን አልጠራሁትም።

ሕዝቡ ሲበተን እናቱ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እኔ ቀረበች። «ጋሼ፣ የልጄን ስም ሳይጠሩት ቀሩ፤ አጥፍቶ ነው?» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ልጄ አጥፍቶ እንደ ሆነ ልቅጣው ብላ ነው። እኔም «አይደለም እመቤት፣ ጊዜ አጥሮን ነው» አልኋት። ውሸት ነበር። የአንድ ልጅ ስም ለመጥራት ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። እውነቱ ወረቀቱን ስጽፍ ልጁ መኖሩን ጭራሽ አለማሰቤ ነው። በመዘምራን መካከል ከኋላ ቆሜ የቤዝን ነገር በገዛ ጉሮሮዬ የተማርሁ እኔ!

በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ መጥቶ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ እኔም መዝፈን ነው የምፈልገው» አለኝ። ድምፁ ለዘፈን የሚሆን አልነበረም። ዘፈነ፤ ተሣቀበት፤ ከዚያ ሙዚቃውን ጨርሶ ተወው። ቤዙን የሚያነሣ ሌላ ልጅ አልተገኘም፤ ባንዱም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። ከዓመታት በኋላ በጦር ኃይሎች ታክሲ ስጠብቅ አንድ ጎልማሳ ዝቅ ብሎ ሰላም አለኝ፤ እርሱ ነበር። ልጆች አሳድጎ፣ ሥራ ይዞ፣ ደህና ሆኗል። «ቤዙስ?» ብለው ሣቀና «ጋሼ፣ ስም የሌለው ሥራ ነው ብዬ ተውኩት» አለኝ። የታክሲ ሒሳቤንም ከፈለልኝ። እርሱ እየሣቀ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን እስከ ቤቴ ድረስ አንገቴን አላቀናሁም።

ስለዚህ «ወጣቱ ሁሉ ዘፋኝ ካልሆነ፣ ሁሉ ከፊት ካልቆመ አይወድም» እያሉ የሚያማርሩትን ሽማግሌዎች ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ከኋላ የሚቆመውን ስሙን ሳንጠራ፣ ከፊት የሚቆመውን ብቻ እያጨበጨብን አሳድገን፣ ልጁ ወደ ፊት ሲጋፋ የምንቆጣው በምን አፋችን ነው? የዘራነውን ነው ያጨድነው።

አንዳንዱ ይመልስልኝ ይሆናል፤ «ቤዝ ተጫዋች ሒሳቡን ከተቀበለ ይበቃዋል፤ ስም ምን ያደርግለታል?» ይላል። ገንዘብ የእጅን ድካም ይከፍላል፤ ምስጋና ግን የልብን ድካም ነው የሚከፍለው። ሰው እንጀራውን በልቶ ደግሞ «ደግ ሠራህ» መባልን ይሻል፤ እንዲህ ሆኖ ተፈጥሯል።

ሌላው ደግሞ «ዛሬ አንድ ሰው በኪቦርድ ሁሉን ይሠራል፤ ቤዝ ተጫዋች ትርፍ ወጪ ነው» ይላል። ድሀ ሙሽራ ባቅሙ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ቢጠራ አልፈርድበትም፤ ሠርጉ በደስታ ይለፍለት። ነገር ግን ለመኪና ሰልፉ፣ ለብርንዶው፣ ለመብራቱ ገንዘብ ያልጠበበው ባለጠጋ፣ ቁጠባ የሚያስታውሰው ቤዝ ተጫዋቹ ዘንድ ሲደርስ ብቻ ነውን? የመኪናው ትምህርት እንዲህ ነው፤ መኪና የታዘዘውን ምት ይደግማል፤ ዘፋኙ ቢሳሳት አይጠብቀውም፤ ትንፋሽ ቢያጥረው አያዝንለትም። ሰው ግን ያዳምጣል። ዘፋኙ መንገድ ሲስት ጠብቆ፣ ሲደክም ደግፎ፣ ማንም ሳያውቅበት ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለውን ርኅራኄ ፋብሪካ አይሠራውም።

ለእናንተም አንድ ወቀሳ አለኝ። ዘፈን የምታደምጡት በስልካችሁ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነው። ያች ፍሬ የምታህል ዕቃ በሴኮንድ 41 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ አውጥታ ልታሰማ አትችልም፤ አቅሟ አይፈቅድም። ስለዚህ ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ይዛችሁ «አወቅነው» ትላላችሁ። ብዙ ዓመት የወደዳችሁትን ዘፈን አንድ ቀን በደህና ጆሮ ማዳመጫ ብታደምጡት፣ ከሥሩ ሌላ ዘፈን ታገኛላችሁ፤ ያን ጊዜ ስንት ሰው ሳይታወቃችሁ ሲያገለግላችሁ እንደ ኖረ ይገባችኋል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ ብዙ አላዝዛችሁም። ከምትወዱት ዘፈን አንዱን ምረጡና ዘፋኙን ለአንድ ጊዜ ተዉት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ከዚያም የተጫወተውን ሰው ስም ጠይቃችሁ ዕወቁ። ዘፈን በስልክ ለሰው ስታካፍሉ የዘፋኙን ብቻ ሳይሆን የተጫዋቾቹንም ስም ጻፉ። ሠርግ ላይ ለሽልማት እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ስትሰዱ፣ ከኋላ የቆመውንም አስቡ። ከመካከላችሁም የዘፈን ድምፅ ያልተሰጠው፣ ነገር ግን ምት የማይስት ጆሮና ትዕግሥት የተሰጠው ቢኖር አራቱን ክሮች ያንሣ፤ የተሰጠው ትንሽ ነገር አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላልና፤ ዘፈንም ተካፍለው ሲይዙት ነው የሚያምረው።

ይህንም በሙዚቃ አታስቀሩት። ያች እናት ሌሊት ተነሥታ ምጣዷን ስታሰማ፣ በጢሱ ዓይኗን ስታሻሽ፣ ያ ልጅ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ይመጣ ነበር። እኔ ልጁን አልጠራሁትም፤ እርሷንማ ማን ጠርቷት ያውቃል? በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው አለ።

የልጁን ስም በዚህ ገጽ ላይ ልጽፈው አስቤ ነበር። ነገር ግን ሳላስፈቅደው ስሙን በመጽሐፍ ማውጣት ሌላ ጥፋት መስሎ ታየኝ። አንተ ግን ይህን ካነበብህ አንተ መሆንህን ታውቃለህ፤ ጊዜ አላጠረንም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ በዓል ስም እንድጠራ ሲለምኑኝ ወረቀቱን ተቀብዬ የምጀምረው ከመጨረሻው ስም ነው። ከኋላ የቆመ ልጅ ስሙን ሰምቶ ቀና ሲል በዓይኔ አያለሁ፤ የእኔም አንገት በዚያ መጠን ቀና ይላል።